የአዴ አያንቱ ቀጠሮ

ከሰበታ አልፎ ወደ ተጂ በሚወስደው መንገድ ዳር አንድ የወረዳ ፍርድ ቤት ነበረ። ስሙን መጥራት አያስፈልግም፤ በዚያ ዘመን፣ በ1960 ዓ.ም. ገደማ፣ የሱ ቢጤ ብዙ ነበር። የመዝገብ ቤቱ ጸሐፊ አቶ ተድላ ይባላል። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ይመጣል፣ ኮቱን ወንበሩ ላይ ያንጠለጥላል፣ ከዚያም በመስኮቱ በኩል የተሰለፈውን ባለጉዳይ አንድ ጊዜ ገልመጥ አድርጎ ያያል። ጠበቃ ይዞ የመጣውን ወንበር ስቦ ያስቀምጣል፤ ብቻውን የመጣውን እንደ ዝንብ እሽ ይላል። ሕግ ሳያውቁ ሕግ ፊት የሚቆሙ ናቸው እያለ ከባልደረቦቹ ጋር ይሳለቅባቸዋል። እሱ ራሱ ከሕግ የሚያውቀው የመዝገብ ቁጥር መጻፍ ብቻ ነበር።

ጠበቃ ከሌላቸው ባለጉዳዮች አንዷ አገሬው አዴ አያንቱ እያለ የሚያከብራቸው ገበሬ ነበሩ። ባላቸው ኦቦ ሞቱማ ከሞቱ ዓመታት አልፈዋል፤ ዕድሜያቸውም ከሃምሳ ዘልሏል። ጎረቤታቸው ጎበና ወደ ምንጩ የሚያወርደውን የጋራ መንገድ አርሶ በእሾህ አጠረው። ሽማግሌ ቢላክበትም መሬቱ የኔ ነው ብሎ መለሰ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የአዴ አያንቱ ቤት ውሃ የሚቀዳው ገደሉን ወርዶ ከወንዙ ሆነ። አዴ አያንቱ ጠበቃ መያዝ ስላልቻሉ ነጠላቸውን አጣፍተው ራሳቸው ሊከራከሩ መጡ።

ተድላ ማመልከቻቸውን ሦስት ጊዜ መለሰው። መጀመሪያ ቴምብር የለውም አለ። ተለጥፎ ሲመጣ የተከሳሹ የአባት ስም ጎድሏል አለ። ያም ተሞልቶ ሲመጣ ጽሑፉ አይነበብም ብሎ በመስኮቱ ወረወረላቸው። ሦስቱንም በአንድ ቀን ሊነግራቸው ይችል ነበር። እሳቸው ግን በየጊዜው ሁለት ሰዓት በእግር ተጉዘው እየመጡ ሁለት ሰዓት ይመለሱ ነበር። ሲቸግራቸው በኦሮምኛ ሊያስረዱት ቢሞክሩ ያልገባው መስሎ በአማርኛ ተናገሪ ይላቸዋል። ሰውዬው ቡራዩ ተወልዶ ያደገ፣ ቋንቋውን ከእናቱ ጋር የሚያወራው ነው።

መዝገቡ ከተከፈተ በኋላም በቀጠሮ ላይ ቀጠሮ ተደረበ። አንድ ቀን ዳኛው የሉም ይባላል፤ ሌላ ቀን ተከሳሹ መጥሪያ አልደረሰውም ይባላል። መጥሪያው ከተድላ መሳቢያ ወጥቶ አያውቅም ነበር። እንዲህ ሲባል ሰኔ ገባ። መሬቱ በራሰበት አንድ ጠዋት የአዴ አያንቱ ምራት ድንቅቱ እንስራ አዝላ ገደሉን ስትወጣ አዳለጣትና ወደቀች። ቀኝ ክንዷ ሁለት ቦታ ተሰበረ። ወጌሻ አሰረላት፤ ክንዱ ግን ተጣሞ ቀረ።

በዚያን ጊዜ ተድላ መጥሪያውን በመጨረሻ ከመሳቢያው አውጥቶ ልኮት ለጎበና ደርሶ ስለነበር በሳምንቱ ክርክሩ ሊሰማ ተቀጠረ። አዴ አያንቱ ጎህ ሲቀድ ተነስተው ከሁሉም ቀድመው ደረሱ። ተድላ ቀና ብሎ እንኳ ሳያያቸው፣ "ያንቺ ከሰዓት በኋላ ነው፤ እዚህ አትገተሪ" አላቸው። የቀጠሮ መዝገቡን አልገለጠም። እሳቸው አምነው ወደ ገበያው ዳር ሄደው ተቀመጡ። አራት ሰዓት ላይ ስማቸው ተጠራ፤ ጎበና አለሁ አለ፤ ከሳሿ ስላልቀረቡ መዝገቡ ተዘጋ። ከሰዓት ሲመለሱ ተድላ ሳትቀርቢ ቀርተሽ እኔ ምን ላድርግሽ ብሎ ስቆ አሰናበታቸው።

አዴ አያንቱ ወደ ቤታቸው አልሄዱም። በር ላይ የሚቀመጠው ማመልከቻ ጸሐፊ በቂ ምክንያት ያለው ሰው በወር ውስጥ መዝገቡን ሊያስከፍት እንደሚችል ነገራቸው። አጻፉ፤ ከተማው ውስጥ ዘመድ ቤት አድረው በማግስቱ ወረቀቱን በመስኮቱ ሳይሆን በችሎት ለዳኛው በእጃቸው ሰጡ። ዳኛው አነበቡና ቀጠሮው ከሰዓት ነው ያላቸው ማን እንደሆነ ጠየቋቸው። ተድላ መዝገቦች ታቅፎ እዚያው አጠገብ ቆሟል።

አዴ አያንቱ ከእግሩ እስከ ራሱ አዩት።

"ይኼ ነው፤ ስሙን አላውቀውም፣ ጌታዬ። ሰባት ወር ስመላለስ እሱም የኔን አልጠየቀኝ። ትልቅ ሰው መስሎኝ ስፈራው ነበር። ለካ አንዲት መጥሪያ ማድረስ የማይችል ሰው ነው። ምራቴ ክንዷ ተሰብሮ እንኳ በአንድ እጇ ከሱ የተሻለ ትሠራለች። ቅጡልኝ አልልም። መዝገቤን ክፈቱልኝና ጉዳዬ በሱ እጅ አይለፍ።"

ተድላ ለብዙ ዓመት ተለምኗል፤ ተረግሞም ያውቃል። እንዲህ እንደማይረባ ዕቃ ገፋ ያደረገው ሰው ግን አልነበረም። ምስክር ስለሌለ ሊክድ ይችል ነበር፤ ሊክድም አስቦ አፉን ከፈተ። ሴትዮዋ ግን እሱን ማየት ትተው ወደ ዳኛው ዞረዋል፤ ቢክድም ባይክድም ለሳቸው ያው እንደሆነ ገባው።

"ያልኳቸው እኔ ነኝ" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "መዝገቡን ሳላይ ነው። መጥሪያውም እኔ ዘንድ ከርሟል።"

ዳኛው መዝገቡ እንዲከፈት አዘዙ፤ ለተድላም የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጡት። መጥሪያው የት ደረሰ ብለው ለወራት ያልጠየቁት እሳቸው ራሳቸው ግን ማስጠንቀቂያ የሚሰጣቸው አላገኙም። ኅዳር ላይ ጎበና እሾሁን አንስቶ መንገዱን እንዲለቅ ተፈረደበት።

በአንድ እሑድ ተድላ ይቅርታ ሊጠይቅ ወደ አዴ አያንቱ ቤት ሄደ። ድንቅቱ በደጅ በግራ እጇ ገብስ ስታሰጣ አገኛት። አዴ አያንቱ ግባ አላሉትም፤ አላባረሩትምም። ይቅርታህን ነገ መስኮትህ ላይ ለሚቆመው ሰው ስጠው ብለውት ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ከዚያ በኋላ ተድላ አንድ ማመልከቻ የሚጎድለውን ሁሉ በአንድ ወረቀት ጽፎ መስጠት ጀመረ። ሥራው አምስት ደቂቃ ይፈጃል።

እናንተ በመንግሥት ወንበር የተቀመጣችሁ ወገኖቼ፣ ባለጉዳይን ማመላለስ ሥልጣን አይደለም፤ ሥራን አለማወቅ ነው። መስኮታችሁ ፊት የቆመው ገበሬ ሕግ ላያውቅ ይችላል፤ እንዲያውቅ ሊያደርገው የተቀጠረው ግን ማን ሆነና ነው የምትስቁበት?