አራት ቡሎን

የጋራዡ ባለቤት ሬሳ የተገኘው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ነው፤ በግድግዳውና በአንድ ነጭ መኪና አፍንጫ መካከል ተጣብቆ። ደረቱ ወደ ውስጥ ገብቷል። ከአፉ የወጣው ደም በኮፈኑ ላይ ወርዶ አንዱን መብራት አልብሶታል።

አማቹ የደረሰው ሬሳው ሲወጣ ነው። ሰው ሁሉ «ጆሮ» ይለዋል፤ ረጅም ካቻቢቴ ካምቢዮ ላይ ተክሎ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አስደግፎ የመኪናውን ሕመም የሚያዳምጥ መካኒክ ነውና። ነጩ መኪና ላይ ትናንት ሲሠራ የዋለው እሱ ነው።

አፉን ሳይከፍት የሚስቱ አጎት ደረሰበት። አጎትየው የሟች ታናሽ ወንድም ነው፤ ሠላሳ ዓመት እዚያው ጋራዥ ላሜራ ሲቀጠቅጥ ክንዱ ግንድ ሆኗል። በአንድ ቡጢ አፍንጫውን ሰበረው። ወድቆም አልማረውም፤ ጎድኑን በጫማው ደጋግሞ መታው።

«ወንድሜን በላኸው» ይል ነበር እየረገጠ።

ሚስቱ በሩ ላይ ቆማ ታያለች። ልገላግል አላለችም። ከአፍንጫው ይልቅ ያመመው ይሄ ነው።

«ጎማው ስር ድንጋይ አላስደገፍኩም» አለ ጆሮ ደም እየተፋ። ትናንት ሲወጣ መኪናውን በእጅ ፍሬን ብቻ ትቶት ነበር። «እኔ ነኝ የገደልኩት።»

ሚስቱ ሰማችው። ፊቷን አዞረች።

ነገሩን ልትመረምር የመጣችው ኢንስፔክተር ወሬ የማታበዛ ሴት ናት። ጆሮን በካቴና አስራ አግዳሚ ላይ አስቀመጠችውና የመኪናውን ባለቤት አስጠራች።

«ምን ሆኖብህ ነው ያመጣኸው?»

«ጠዋት ደህና ነው። ግማሽ ሰዓት ከነዳሁት በኋላ ሦስተኛ ማርሽ ላይ ድርቅ ይላል። አጥፍቼ ሳሳርፈው ምንም እንዳልነካው ይሄዳል። አንዳንዴ ደግሞ ገፍትሮኝ ይነሳል።»

በቃ፣ ነገሩ ያለቀ መሰለ። የታመመ መኪና፣ ቸልተኛ መካኒክ። ኢንስፔክተሯ ለወጉ ያህል አጎትየውን ጠየቀች።

«ሲሆን አይተዋል?»

«በዓይኔ። ወንድሜ ሞተሩን አስነሳ፣ ማርሹን ወደፊት አስገባ፣ ከዚያ ድምፁን ላዳምጥ ብሎ ወርዶ ፊት ለፊቱ ቆመ። መኪናው አጓርቶ ዘለለበት። ሮጬ ቁልፉን ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

«ማርሹን ነክተዋል?»

«እንዳለ ነው። ገብተሽ እዪው።»

ገብታ አየች። እውነትም ማርሹ ወደፊት መሄጃው ላይ ነው።

ጆሮ አግዳሚው ላይ እንዳለ ቀና አለ።

«በሞተሩ ጉልበት ነው የሄደው ጋሼ?»

«ታዲያ በጸሎት?»

«ኢንስፔክተር፣ ይሄ መኪና በሞተሩ አንድ ስንዝር አይሄድም። ካምቢዮው ውስጥ ጠብታ ዘይት የለም።»

አጎትየው ሳቀ። ሳቁ ግን ትንሽ ዘግይቶ ነው የመጣው።

«አስረዳኝ» አለች ኢንስፔክተሯ።

«ሶሌኖይድ የምትባል ዕቃ አለች። አውራ ጣት ታክላለች፤ በኤሌክትሪክ ለዘይቱ መንገድ ትከፍታለች፣ ትዘጋለች፤ ማርሹ የሚቀየረው በዚያ ነው። ትናንት ቀዝቅዛ ብለካት ደህና ናት። ሕመሟ ሲሞቃት ነው ብዬ ጠረጠርኩ። ዛሬ በሙቅ ዘይት ልፈትናት ብዬ ትናንት ማታ አወጣኋት። እሷን ለማውጣት ደግሞ ዘይቱ መፍሰስ አለበት።»

«ይዋሻል» አለ አጎትየው። «ከስሩ ክድን ነው። አይቼዋለሁ።»

«አቧራ እንዳይገባ የካምቢዮውን የዘይት ሳህን በአራት ቡሎን መልሼ አንጠለጥለዋለሁ። አባባ፣ ነፍሳቸውን ይማር፣ ናቸው ያስተማሩኝ። የእርስዎ ሥራ ላሜራ ነው ጋሼ፤ ከሩቅ አይተው የታሰረ መሰለዎት።»

ኢንስፔክተሯ ካቴናውን ፈታችለት፤ ተከትላው ከመኪናው ስር ገባች። ሃያ ቀዳዳ፣ አራት ቡሎን። ሳህኑ ሲወርድ ደረቅ ነበር።

እሷ ግን በዚህ የምትረካ አይደለችም። ሶሌኖይዷን ካስቀመጠባት ጣሳ አስመጥታ እፊቷ አስፈተነች። በቀዝቃዛው ቴስተሩ፣ የኤሌክትሪክ መለኪያው፣ ቁጥር ሰጠ። ዘይቱ እሳት ላይ እየጋለ ሲሄድ ቁጥሩ ድንገት ጠፋ። ሲቀዘቅዝ ተመለሰ። ጆሮ የተናገረው ሁሉ ልክ ነበር።

ተነስታ ወለሉን ተመለከተች። ወደ ግድግዳው ያዘነብላል። ግድግዳውን ዳሰሰች፤ ልስኑ ሁለት ጊዜ ተመትቷል።

«በራሱ የተንከባለለ መኪና ግድግዳ ሁለቴ አይመታም፤ ተገፍቷል» አለች። «ማርሹን ማን ወደፊት አስገባው?»

አጎትየው ወደ ላሜራው አፈገፈገ።

«ሞተሩን ማን አጠፋው ነበር ያሉት?»

መልሱ መዶሻ ሆነ። የሰነዘረው ለጆሮ ጭንቅላት ነው፤ ጆሮ ክንዱን ጋረደ። አጥንቱ ሲሰበር ሁሉም ሰማው። አጎትየው ለሁለተኛው መዶሻውን ሲያነሳ ኢንስፔክተሯ ጭኑ ላይ ተኮሰች። የገዛ ላሜራው ላይ ወደቀ።

«ትናንት ነው» አለ ጥርሱን ነክሶ፣ ደሙን በሁለት እጁ ይዞ። «'እጅህ መንቀጥቀጥ ጀምሯል፣ ዕረፍ፤ ጋራዡን አማቼ ይያዘው' አለኝ። ሠላሳ ዓመት ቀጥቅጬ፣ ለመጤ። እሱ ይሙት፣ መጤውም እስር ቤት ይበስብስ አልኩ። ጠዋት በብረት ማጅራቱን አልኩትና ግድግዳው ስር አስደግፌ መኪናውን ለቀቅኩበት።»

የጆሮ ሚስት መቼ እንደገባች ማንም አላየም። ልጅ ሳለች አጎትየው ትከሻው ላይ አሳድጓታል።

«ግድግዳው ሁለት ጊዜ ነው የተመታው ጋሼ። ለምን ሁለቴ?»

አጎትየው መሬት መሬት አየ።

«በመጀመሪያው አልሞተም። በስሜ ጠራኝ።»

የመኪናውን በር ይዛ ቆመች። ከዚያ ጆሮ ወደተቀመጠበት ሄዳ የተንጠለጠለውን ክንዱን ከስር ደገፈች።

«እኔ ነኝ ስትል አመንኩህ» አለችው።

«እኔም አምኜ ነበር።»

«ተነስ፣ ሐኪም ቤት እንሂድ።»

«አባባስ? ብቻቸውን ልንተዋቸው ነው?»

«አባቴ ከእንግዲህ የሚቸኩልበት የለም» አለች። «የምትደማው አንተ ነህ።»