በዳፍኒ ስም የተላኩ ሳጥኖች

«ድገሚው!» አለ አርጊሪስ፣ የወጥ ቤቱን ጠረጴዛ በጣቱ እየቆረቆረ።

«ሳጥኖቹ ውስጥ ኮት ነበረ። ሴትዮዎቹ እየመጡ ወሰዱት» አለች ዳፍኒ።

«የሸመደድሽው አታስመስዪው! እንደ ሰው ተናገሪ።»

«እንደ ሰው ከሆነማ ውሸት ነው አባዬ።»

አርጊሪስ ፊቱ ቀላ። እንዲህ ሲሆን ዳፍኒ ድሮ ትፈራው ነበር። አሁን ዓሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ ከፍርሃቱ ይልቅ ንዴቱ ይቀድማታል።

አባቷ ኒውዮርክ ውስጥ ከአውሬ ቆዳ ከነፀጉሩ የተሠራ ኮት ይሸጣል። ከእናቷ ጋር ከተለያዩ ወዲህ እናትና ልጅ ከወንዙ ማዶ፣ ኒውጀርሲ ይኖራሉ። ጣጣውን ሁሉ ያመጣውም ይኸው ወንዝ ነው። ከአርጊሪስ ሱቅ ኮት የገዛ ሰው ከመቶው ዶላር ላይ ስምንት ዶላር ከሩብ የሽያጭ ታክስ መክፈል አለበት። ኮቱ በፖስታ ወደ ሌላ ክፍለ ግዛት ከተላከ ግን ኒውዮርክ አንድ ሳንቲም አትጠይቅም። ስለዚህ ደንበኛዋ አዲሱን ኮቷን ለብሳ እየተንጎራደደች ወደ ቤቷ ትሄዳለች፤ አርጊሪስ ደግሞ ባዶ ሳጥን አሽጎ፣ የልጁን ስምና አድራሻ ጽፎ ወንዙን ያሻግረዋል። ዳፍኒ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ፖስተኛው ፊት «ተረክቤያለሁ» ብላ ትፈርማለች፤ ሳጥኑንም እናቷ ከሆስፒታል ሥራዋ ሳትመለስ ቀዳድዳ ትጥላለች። በሁለት ዓመት ውስጥ ሠላሳ አንድ ጊዜ ፈርማለች።

ዛሬ አሥር ሰዓት ላይ ከግብር ቢሮ መርማሪ እዚህ እነዳፍኒ ቤት ትመጣለች። ቀጠሮውን ያስያዘው አርጊሪስ ነው፤ እናትየው እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት የማትመለስበትን ሐሙስን መርጦ። ብልጥ ነው መቼም።

«መንገዱ ላይ ያለው ሱቅ ሁሉ የሚያደርገውን ነው ያደረግኩት» አለ። «ታክስ ጨምሬ ዋጋ ብጠራ ደንበኛዋ ጎረቤቴ ጋ ትገባለች። ምን ልሁን? ቁጭ ብዬ ዝንብ ላባርር?»

«እና እኔ ልዋሽልህ?»

«ሱቁ ከተዘጋ ቀለብሽን ማን ይሰጣል? እናትሽ?»

«ስድስት ወር ሙሉ መች ሰጠኸን?»

አርጊሪስ ወንበሩን ገፍቶ ተነሣ። «ስሚ አንቺ! ሠላሳ አንዱም ወረቀት ላይ ያለው ፊርማ የማን ነው? የኔ ነው? እኔ ወህኒ ከወረድኩ ብቻዬን አልወርድም።»

ዳፍኒ በሕይወቷ አባቷን እንደዚህ የጠላችበት ቀን የለም። አባቷ የገዛ ልጁን ስም እንደ ጋሻ ከፊቱ አቁሞ ከኋላዋ ተደብቋል። ደወሉ ሲጮኽ ሸሚዙን አስተካከለና እየሳቀ በሩን ሊከፍት ሄደ።

ሚስ ዌስኮት የምትባለው መርማሪ ሽበታም፣ ቀጭን ሴት ናት። የቀረበላትን ብስኩት አልነካችም። ከቦርሳዋ ሁለት ወረቀት አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አስቀመጠች፤ አንዱ የሽያጭ ደረሰኝ ነው፣ ሌላው የፖስታ ቤት።

«በዚህኛው የሸጡት የቀበሮ ፀጉር ኮት ነው። አራት ሺህ ዶላር» አለችው አርጊሪስን። «በዚህኛው ደግሞ ፖስታ ቤቱ ሳጥኑን መዝኖታል። ከነካርቶኑ ግማሽ ኪሎ አይሞላም። ምን ያህል የከሳ ቀበሮ ቢሆን ነው?»

ዳፍኒ ሳቋን ዋጠችው። ድንጋይ ቢጨምርበት ኖሮ ማንም አይነቃበትም ነበር። ግን ፖስታ ቤት የሚያስከፍለው በሚዛን ነው፤ አርጊሪስ ደግሞ ለድንጋይ ማጓጓዣ ገንዘብ የሚያወጣ ሰው አይደለም።

«ሚዛናቸው ተበላሽቶ ይሆናል» አለ አርጊሪስ።

«ሠላሳ አንድ ጊዜ?»

«ልጅቷን ጠይቂያት! የተቀበለችው እሷ ናት!»

መርማሪዋ ወደ ዳፍኒ ዞረች። «የኔ ልጅ፣ ሳጥኖቹ ውስጥ ምን ነበር?»

አርጊሪስ ከኋላ መጥቶ እጁን ትከሻዋ ላይ ጣለ። ሌላ ሰው ቢያይ ያቀፋት ይመስለዋል፤ ጣቶቹ ግን አጥንቷ ድረስ ተሰምተዋታል። ዳፍኒ የሸመደደችውን ዓረፍተ ነገር ምላሷ ላይ አገኘችው። ከተናገረችው አባቷ ይድናል፤ ይቺ ሴትዮም ምናልባት ትሄድላቸዋለች። ነገ ደግሞ ሠላሳ ሁለተኛው ሳጥን ይመጣል።

«ጋዜጣ» አለች። «የተጨማደደ ጋዜጣ።»

«እንዳትከፍቺ ብዬሽ አልነበር!» ብሎ ጮኸ አርጊሪስ።

አርጊሪስ የተናገረውን የሰማው ዘግይቶ ነው። ሚስ ዌስኮት ቀስ ብላ ማስታወሻዋ ላይ ጻፈችው።

«ሌሎቹን አልከፈትኩም፤ ስቀዳድዳቸው ነው ያየሁት» አለች ዳፍኒ፣ ወደ አባቷ ሳትዞር። «የመጀመሪያውን ግን ከፍቼዋለሁ። ዓሥራ ሦስት ዓመት የሞላኝ ቀን ነው የደረሰው። ስሜ በትልቁ ተጽፎበት ነበር። ስጦታ ነው ብዬ ጋዜጣውን አንድ በአንድ እየዘረጋሁ ፈለግኩ።»

ትከሻዋ ላይ የነበረው እጅ ተነሣ።

«ዳፍኒ...» አለ አርጊሪስ። እሷ ግን ቀጣዩን ቃል አልጠበቀችም።

ሚስ ዌስኮት ባዶ ወረቀትና እስክሪብቶ አቀረበችላት። «ይህን በራስሽ እጅ ብትጽፊው ጥሩ ነው። ግን እናትሽ እስክትመጣ መቆየት ትችያለሽ፤ ማንም አያስገድድሽም።»

«አሁን እጽፈዋለሁ» አለች ዳፍኒ። «እናቴ ስትመጣ አነብላታለሁ።»

አባቷ ኮፍያውን አንሥቶ ወደ በሩ ሲሄድ ሰማችው፤ ቀና አላለችም። ወረቀቱን ወደራሷ ሳበችና የመጀመሪያው ሳጥን የመጣበትን ቀን ጻፈች። ማስታወስ አላስፈለጋትም።