ተፈትቷል የተባለው ጥያቄ

«ዛሬስ አወራ?» አለች እናቷ፣ ፕሪንተሩን በአገጯ እያመለከተች።

ሚጡ ቁርሷን እንኳ ሳትጨርስ መጥታ ኮምፒውተሩ ላይ ተደፍታለች። ጥቁሩ ስክሪን ላይ አንድ መስመር ትዕዛዝ ጻፈች፤ ፊደሎቹን ደግማ አየቻቸውና ቁልፉን ተጫነች። ፕሪንተሩ አረንጓዴ መብራቱን ብልጭ አደረገ። እህህ ብሎ ጉሮሮውን ጠረገ። ከዚያ ጸጥ። ወረቀቱ ነጭ እንደሆነ እዚያው ተቀምጧል።

«ጉሮሮውን ጠረገና ተወው» አለች ሚጡ።

«የድሮ አለቃዬም እንደዚያ ነበር። እሱ ጉሮሮውን ሲጠርግ እኛ እስክሪብቶ እናነሳለን። ከዚያ ሊናገር የነበረውን ይረሳዋል።»

እናትና ልጅ ሳቁ። ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም፤ ሁለቱም የሚኖሩት በዚህ ፕሪንተር ነዋ። ሱቋ አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበርና ወደ መንገድ የሚያይ አንድ መስኮት ያላት ጠባብ ክፍል ናት። እናቷ እዚያ ተቀምጣ የሰው ማመልከቻ፣ የሰው ውል፣ የተማሪ ሥራ ትተይባለች። በአሥሩም ጣቷ፣ ቁልፎቹን ሳታይ፣ ከደንበኛው ጋር ስለ ልጆቹ እያወራች ነው የምትተይበው። ሰው ግን ስክሪን ላይ ላለ ጽሑፍ አይከፍልም። የሚከፍለው እጁ ለገባ ወረቀት ነው፤ ወረቀት ደግሞ ከዚህ ሱቅ ከወጣ ሰነበተ።

በሩ ላይ ጥላ አጠላ። ከመንገዱ ማዶ ያለው ባለ ፎቶ ኮፒ ነበር፤ ትልልቅ ማሽኖች ያሉት፣ ሁልጊዜ እጁ ቀለም የነካው ሰውዬ።

«እንደምን አደራችሁ! እህስ እትዬ፣ ምን ወሰንሽ?»

«ምኑን?»

«አታውቂም እንዴ? ከሰኞ ጀምሮ ሥራ ይበዛብኛል፣ ጸሐፊ ያስፈልገኛል። አንቺ እያለሽ ሌላ ሰው ማየት አልፈልግም። ግን ዛሬ ቁርጡን ካልነገርሽኝ አንዲት ልጅ አለች፣ እሷን እጠራለሁ። እንዳትቀየሚኝ።»

ሰውዬው ክፉ አልነበረም። ክፉ ቢሆን ለሚጡ ይቀላት ነበር።

እናቷ ወደ እሷ ዞረች። ሐኪም ምን ይል ይሆን ብሎ እንደሚጠብቅ ሰው ዓይን ዓይኗን አየቻት። «ሚጡ፣ ይስተካከላል ያልሽኝ እርግጥ ነው?»

ሚጡ ትክክለኛው መልስ «አላውቅም» እንደሆነ ታውቃለች። ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶም ነበር። ግን ባለ ፎቶ ኮፒው እያያት፣ እናቷ እያየቻት፣ እሷም አሥራ አራት ዓመት ሞልቷት ለመጀመሪያ ጊዜ የቤቱ አዋቂ ሆና እያለች፣ ያቺን ቃል እንዴት ታውጣት?

«እርግጥ ነው» አለች አፏን ሞልታ። «ከእኔ በፊት የፈታው ሰው አለ። ዛሬ ካልሆነ ነገ ይነግረኛል።»

«ሰማህ?» አለች እናቷ፤ ወገቧ ሲቃና ታየ። «ስላሰብክልኝ እግዜር ይስጥልኝ። ግን የራሴን በር አልዘጋም።»

ሰውዬው ትከሻውን ነቅነቅ አድርጎ ሄደ።

ነገሩ የጀመረው ኮምፒውተሩ የታመመ ጊዜ ነው። ደንበኛ ቆሞ እየጠበቀ፣ ዓረፍተ ነገር መሀል ላይ ድርቅ ብሎ ይቀር ጀመር። የኮምፒውተር ጠጋኙ መጣ፣ ከፈተው፣ ዘጋው። «አዲሱን ሲስተም ይሄ አሮጌ አይሸከመውም። ያለው ደግሞ በቫይረስ አልቋል። ሌላ ግዙ» ብሎ መፍቻውን ሰብስቦ ሄደ። ሌላ ግዙ ማለት ለሱ ቀላል ነው።

ሚጡ ስለ ሊኑክስ ያነበበችው ያን ሰሞን ነው። ማንም የማይሸጠው፣ ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ፣ አሮጌ ኮምፒውተር የሚያስነሳ ሲስተም። ብዙ ዓይነት አለው። «ቀጥል፣ ቀጥል» እያሉ ብቻ የሚጭኑት ቀላል ዓይነትም አለ። ሚጡ ግን ሚጡ ናት፤ ከሁሉም መርጣ ትዕዛዙን አንድ በአንድ ጽፎ፣ እያንዳንዱን ነገር በገዛ እጅ መገጣጠም የሚጠይቀውን ወሰደች። ተጠቃሚዎቹ ትንሽ ጉረኞች ናቸው። እውነቱን ለመናገር የሳባትም ጉራቸው ነው።

በኢንተርኔት እየተጻጻፉ በሚጠያየቁበት ፎረማቸው ላይ «ድንቢጥ» ብላ ተመዘገበች። ለመጀመሪያው ጥያቄዋ ያገኘችው መልስ «መመሪያው ላይ አለ፣ አንብቢ» የሚል ነበር። ፊቷ በእሳት የተለበለበ ያህል ጋለ። ቀጥሎ ግን «ጉጉት» የሚባል ሰው ጻፈላት፦ «አትቀየሚ፣ ሁላችንም እንደዚህ ተብለናል። የት ጋ ነው የቆመብሽ?» ከዚያ በኋላ ጉጉት አልተለያትም። ትዕዛዙን እንዲሁ ሰጥቷት አያውቅም፤ ምን እንደሚሠራ አንብባ በራሷ ቃል ካልነገረችው ወደሚቀጥለው አያልፍም። ስትበሳጭበት «አቦ፣ ፈታ በይ» ይላታል።

ሲስተሙ የተነሳ ቀን ጮቤ ረገጠች። የሞተው ኮምፒውተር በቅጽበት ተከፈተ። እናቷ ተቀምጣ ሞከረችውና «ውይ! እጄን ቀደመኝ እኮ!» አለች። ሚጡ ለፎረሙ ጻፈች፣ የማታውቃቸው ሰዎች ተቀባበሏት። «እንኳን ደህና መጣሽ ድንቢጥ። አሁን ከእኛ አንዷ ነሽ» አለ አንዱ። ክፍል ውስጥ የመጨረሻው ወንበር ላይ ተቀምጣ ማንም ለማይጠራት ልጅ ይህ ትልቅ ነገር ነው። እየመላለሰች አነበበችው።

ጉዱ የፈላው የመጀመሪያው ደንበኛ መጥቶ እናቷ «አትሚለት» ስትላት ነው።

የመመሪያው መጀመሪያ ላይ አንድ ምክር አለ፦ አሮጌውን ሲስተም ከማጥፋታችሁ በፊት አዲሱን ከፍላሽ ላይ አስነሱና የምትጠቀሙበትን ዕቃ ሁሉ ሞክሩ። ሚጡ ሞክራለች። ዘፈን ከፍታ ድምፁን ሞክራለች። ኢንተርኔቱን ሞክራለች። ፕሪንተሩ ከነመኖሩም ትዝ አላላትም። አጥፍታ ከጨረሰች በኋላ ወደ ጠጋኙ ስትሮጥ፣ «አሮጌውን ብመልስልሽም የዚህ ፕሪንተር ድራይቨር የለኝም። የሠራው ድርጅት ራሱ ማውጣት አቁሟል» አላት። ድራይቨር ማለት ኮምፒውተርና ፕሪንተር የሚግባቡበት ፕሮግራም ነው። ያ ከሌለ ፕሪንተሩ ጉሮሮ ከመጥረግ አያልፍም።

ያን ጊዜ ነው ፎረሙ ላይ ስትቆፍር ያን ገጽ ያገኘችው። «ነብሮ» የሚባል ሰው ከብዙ ጊዜ በፊት የጠየቀው ነው፤ ያው ፕሪንተር፣ ያው ችግር። ሰዎች ይህን ሞክር፣ ያን ሞክር ብለውታል። በመጨረሻ ነብሮ «ተፈታልኝ፣ አመሰግናለሁ!» ብሎ ጻፈና ጠፋ። እንዴት እንደተፈታለት አንድ ቃል አልተናገረም። ከጥያቄው ራስ ላይ በአረንጓዴ «ተፈትቷል» የሚል ምልክት ተለጥፎበታል። ሚጡ ሳምንቱን ሙሉ ለነብሮ ስትጽፍ፣ ስትለምን ከረመች። እናቷም ደንበኞቿን «ልጄ እያስተካከለችው ነው» እያለች አቆየቻቸው። አንዳንዱ ጠበቀ። ብዙው መንገዱን ተሻገረ።

እኩለ ቀን ሲሆን አንድ አናጺ ገባ፤ ጸጉሩ ላይ የእንጨት ብናኝ ያለበት፣ ጠና ያለ ሰው። የትምህርት ቤት ወንበሮች ለመሥራት የሚወዳደርበትን የዋጋ ማቅረቢያ ሊያስተይብ ነው። «ጨረታው ዛሬ ነው የሚዘጋው። ቢሮው ሳይዘጋ ማድረስ አለብኝ» አለ። እናቷ ደስ ብሏት ጣቶቿን አፍታታችና ጀመረች። ሚጡ ስልኳን ይዛ ደጃፉ ላይ ወጥታ ተቀመጠች።

ስልኩ ጮኸ። ነብሮ!

«ይቅርታ፣ ቆይቼ ነው የገባሁት» ይላል መልእክቱ። «ያ ፕሪንተር? ሃሃ! በጣም አሰቃይቶኝ ነበር። በመጨረሻ ለብረት ሰብሳቢ ሰጥቼ ሌላ ገዛሁና ተገላገልኩ። አንቺም እንደዚያ አድርጊ። ይመችሽ።»

ሚጡ ደግማ አነበበችው። የሆነ የዘለለችው መስመር ያለ መሰላት። የለም። ሳምንቱን ሙሉ የተንጠለጠለችበት ቃል ይሄው ነው። ለጉጉት ላከችለት፤ መልሱ ወዲያው መጣ። «አየሁት። እኔም ካንቺ ጋር ያልፈተሽኩት የለም። ድርጅቱ የፕሪንተሩን አሠራር ለማንም ክፍት አላደረገም፤ ያለዚያ ድራይቨር የሚጽፍለት አይገኝም። ድንቢጥ፣ ከዚህ በላይ የማውቀው ነገር የለም። አዝናለሁ።»

ጉጉት እንኳ አላውቅም አለ።

ማዶ ያለው በር ክፍት ነው፤ ማሽኖቹ ይጮሃሉ። ጠዋት ሲቃና ያየችው የእናቷ ወገብ ትዝ አላት። ልታለቅስ ነበር፤ ግን ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ማልቀስ ሰው ይሰበስባል። ምንም አልተጻፈልኝም ብትል ማን ያውቃል? ነገ እንደገና «ነገ» ማለት ይቻላል። እናቷ ለጥቂት ቀን ተስፋ ይኖራታል። ከዚያስ? ከዚያ በኋላ ያለውን ልታስበው አልቻለችም።

ከውስጥ የእናቷ ድምፅ ተሰማ። «ጨርሻለሁ። ቁጭ ይበሉ ጋሼ። ፕሪንተሩን ልጄ አሁን ታስነሳልናለች፤ ጠዋት እርግጥ ነው ብላኛለች።»

«እኔስ አልቸኩልም ልጄ፣ ቢሮው ነው የሚቸኩለው» አለ አናጺው። ወንበሩ ሲንቋቋ ሰማች። ተቀምጧል። አምኖ ተቀምጧል።

ሚጡ ተነስታ ገባች። ጠረጴዛው ላይ ካለው ዕቃ መሀል ባዶ ፍላሽ አነሳች፣ በእናቷ ትከሻ ላይ ተንጠራርታ ሰካችው፣ የአናጺውን ጽሑፍ ገለበጠችበት። ነቅላ ሰጠችው።

«ጋሼ፣ እዚህ አይታተምልዎትም። ከማዶ ያትሙልዎታል። አሁኑኑ ይሂዱ።»

«ምን ማለትሽ ነው?» አለች እናቷ።

«አይሠራም እማዬ። ዛሬም ነገም አይሠራም። ሰውዬው ፈታሁት ያለው ሌላ ፕሪንተር ገዝቶ ነው።»

አናጺው አንዴ እናትየዋን፣ አንዴ ልጅቷን አየ። የትየባውን ሂሳብ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፤ ማንም ቀና ብሎ አላየውም። ቀስ ብሎ ወጣ።

እናቷ አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻል ነበር። እጆቿ ቁልፎቹ ላይ እንዳሉ ቀሩ። «ጠዋት ስጠይቅሽ አላውቅም ብትዪኝ ምን ነበረበት?» አለች።

ሚጡ አንገቷን ደፋች።

እናቷ ተነሳች፣ ሻርፗን አስተካከለች፣ መንገዱን ተሻገረች። ሚጡ በመስኮቱ አየቻት። በሩ ላይ ቆማ ስትናገር፣ ሰውዬው ጭንቅላቱን ሲያክ፣ ወደ ውስጥ ሲያመለክት። እናቷ ጥቂት ሳቅ ብላ አንገቷን ነቀነቀች፤ ሰው ፊት የምትስቀው ሳቅ ነው። ሚጡ ከዚያ በላይ ማየት አቃታት።

ወንበሩ ላይ ተቀመጠችና የነብሮን ገጽ ከፈተች። መጻፍ ጀመረች። በሁለት ጣት እየለቀመች፣ የሞከረችውን ሁሉ፣ ያልሆነውን ሁሉ።

እናቷ ስትመለስ ገና አልጨረሰችም።

«ልጅቷን ጠርቷታል» አለች እናቷ፣ ሻርፏን እያወለቀች። «እኔ አይ እንዳልኩት ደውሎላታል። ሰው ሲጎድልብኝ አስታውስሻለሁ አለኝ።»

«ይጎድልበት ይሆን?»

«እንጃ።»

ሌላኛውን ወንበር ስባ ተቀመጠች። መንገዱ ላይ ሰው ያልፋል፤ ወደ እነሱ የሚዞር የለም።

«ምንድነው የምትጽፊው?»

«እንደማይሠራ።»

«ለማን?»

«ይሄን ፕሪንተር ይዞ ለሚመጣ ሰው። ተፈትቷል የሚለውን እንዲያነሱትም ጠይቄያለሁ።»

እናቷ ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብላ አነበበች። የሰው ጽሑፍ ስታነብ እንደ ልማዷ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ሚጡ ቁጣ ጠበቀች።

«ምናልባት ሊሠራ ይችላል የሚል ነገር የለበትም?»

«የለበትም።»

እናቷ እሺም እምቢም አላለችም። ጣቷን ስክሪኑ ላይ አሳረፈች። «እዚህ ጋ ሞዴሉን በደንብ አልጻፍሽም። ቁጥሩን ካልጻፍሽ በምን ያገኙታል?»

«አላስታውሰውም። ከሥሩ ነው ያለው።»

እናቷ ተነሳች። ገመዱን ነቅላ ፕሪንተሩን በሁለት እጇ አቅፋ አዘነበለችው። ከብዷት ነበር፤ ደረቷ ላይ አስደግፋ ያዘችው። ሚጡ ጎንበስ ብላ፣ ከሆዱ ሥር የተለጠፈውን ቁጥር አንድ በአንድ እያነበበች ጻፈች።