ወደ ቀኝ የዞረው መቆለፊያ

ኅዳር 14 ቀን 2001 ዓ.ም. ነበር። ያን ጊዜ የሃምሳ ስምንት ዓመት ሰው ስሆን የምርመራ ክፍሉን መኪና እነዳ ነበር። ረፋዱ ላይ ተጠርተን ስንደርስ አንድ ብር ሠሪ በገዛ ሥራ ክፍሉ ወለል ላይ በጎኑ ተዘርግቶ አገኘነው። የጆሮ ግንዱ ብር በሚቀጠቅጥበት የብረት መስፍ ማዕዘን ተሰንጥቋል። ቀኝ እጁ እንደ ጨበጠ ደርቋል።

መርማሪዋ ጡረታቸው የቀረበ፣ እግራቸው ጫማ አልቀበል ያለ፣ እንቅልፍ ከተቀየማቸው ብዙ ዓመት ያለፋቸው ሴት ነበሩ። ለሁሉም ነገር «ቆይ» ስለሚሉ ከኋላቸው «እትዬ ቆይ» እንላቸዋለን። ወንበር ስበው ተቀመጡና የሟቹን ጣቶች ቀስ ብለው ፈለቀቁ። ከመዳፉ ውስጥ የብር የሐብል መቆለፊያ ወጣ። ፊቱ ላይ ቅጠል ተቀርጾበታል፤ ጀርባው ልሙጥ ነው፤ ጫፉ እንደ መንጠቆ ታጥፏል።

«ሥራ ላይ እያለ ወድቆ ይሆናል» አለ ቀድሞን የደረሰው ፖሊስ። «ካልሆነም ሚስትየው ገፍታዋለች። በሩ አልተሰበረም፤ ከእሷ ሌላ ሰው ሲገባ ያየ የለም። አለቃ ሳይመሽ አምጧት ብለዋል።»

«ቆይ» አሉ መርማሪዋ። «ጠረጴዛውን አየኸው? ሞረዶቹ እንደ ተደረደሩ ናቸው። የብር ብናኝ የለም፤ ምድጃውም ቀዝቃዛ ነው። ሰውየው ዛሬ ሥራ አልጀመረም። ታዲያ ይህ በእጁ ምን ይሠራል?»

ፖሊሱ ወደ ጠረጴዛው ጠጋ ብሎ አየ።

ባለቤቱን ጓዳ ውስጥ አገኘናት። ቀኝ ክንዷን በግራ እጇ ታቅፋ ተቀምጣለች።

«መድኃኒት ልገዛ ወጣሁ። ስመለስ እንዲህ ሆኖ ጠበቀኝ። እኔን ነው የምትወስዱት?»

«እሱን በኋላ እናየዋለን። እህቴ፣ እስቲ የአንገትሽን ሐብል አሳዪኝ።»

«ቅጠል ያለበት መቆለፊያ ሲሠራ ይሄ የመጀመሪያው ነው። አማቴ ከተቀበሩ በኋላ ክንዴ ተሰበረና ቀኝ እጄ ወደ ኋላ አልዞር አለ። በግራ እጄ እንድቆልፈው ብሎ ጫፉን ወደ ግራ አጠፈልኝ። ከዚያ ወዲያ ለማንም ሲሠራ ወደ ግራ ነው። ‹ደንበኛ ያጉረመርማል› ስለው ‹ይልመዱት፤ አንቺስ እኔን ለምደሽ የለ› ይለኝ ነበር።»

መርማሪዋ ከሟቹ እጅ የወጣውን ከኪሳቸው አውጥተው፣ ቅጠሉን ወደ ራሳቸው አድርገው አዩት። ጫፉ ወደ ቀኝ ዞሯል። መልሰው ከኪሳቸው ከተቱት።

የሟቹ አማች፣ የልጁ ባል፣ ፎቶ አንሺ ነው። በጎረቤት ክፍል ኮምፒውተሩ ፊት ተደፍቶ አገኘነው።

«የሠራውን ሁሉ ፎቶ አንሥቼ አቧራውን አጠፋለሁ፣ ጭረቱን እደልዛለሁ፣ ጀርባውን ነጭ አደርጋለሁ» አለ። «‹ያለ እኔ ብርህ ቆርቆሮ ይመስላል› ስለው በጉጠት ሊያባርረኝ ይቃጣው ነበር። ነፍሱን ይማር።»

«እዚህ ፎቶ ላይ ጫፉ ወደ ቀኝ ነው» አሉ መርማሪዋ ኮምፒውተሩን እያመለከቱ።

«እሱማ እኔ ነኝ የገለበጥሁት። መስኮቴ በግራ በኩል ነው፤ በኢንተርኔት የሚሸጥልን ሱቅ ደግሞ በገጹ ላይ የዕቃው ሁሉ ብርሃን ከቀኝ እንዲመጣ ይፈልጋል። እንደ መስተዋት አዞረዋለሁ። ዕቃው ራሱ ወደ ግራ ነው። እስከ ዛሬ ያስተዋለ ሰው የለም።»

የሟቹ ታናሽ ወንድም ከመንገዱ ማዶ የራሱ የብር ሥራ ሱቅ አለው። መርማሪዋ ሲገቡ ከመቀመጫው አልተነሣም።

«ከእናታችን ቀብር ወዲህ ሆድና ጀርባ ነን። ደጁን ረግጬ አላውቅም።»

«መቆለፊያ መሥራት የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው አሉ። ሥራውን አታውቀውማ?»

«ለምን አላውቀውም? በሱቁ የኢንተርኔት ገጽ ፎቶውን አያለሁ፤ አንድም አላመለጠኝ።»

«በእጅህስ ይዘኸው ታውቃለህ?»

«እኔም እኮ ብር ሠሪ ነኝ። ዓይኔ ይበቃኛል።»

ከሰዓት በኋላ ሦስቱንም በሟቹ ሥራ ክፍል ሰበሰቧቸው። ለእያንዳንዳቸው ጠመኔ ሰጡ።

«የሟቹን መቆለፊያ፣ ቅጠሉ ወደ እናንተ ሆኖ፣ ጠረጴዛው ላይ ሣሉልኝ።»

የባለቤቱ ሥዕል የሕፃን ይመስላል፤ ጫፉ ግን ወደ ግራ ነው። የአማቹም ወደ ግራ ነው። ወንድምየው ቀድሟቸው ጨረሰ፤ የቅጠሉን ጅማት እንኳ አልዘነጋም። ጫፉን ወደ ቀኝ አጠፈው።

መርማሪዋ የያዙትን መቆለፊያ ከሥዕሉ አጠገብ አኖሩ። ልክክ አለ።

«ሟቹ ዛሬ ሥራ አልጀመረም፤ እንግዲህ ይህ ከውጭ የመጣ ነው» አሉ ድካም በተጫነው ድምፅ። «ጫፉ ወደ ቀኝ ነው፤ እንግዲህ የሟቹ ሥራ አይደለም። ሚስቱ በየቀኑ የምትቆልፈውን አትስተውም። አማቹ ገልባጩ ራሱ ነው። ሁለቱም ብር ማቅለጥ አያውቁም። ይህን የሠራው ብር ሠሪ ነው፤ የሟቹን ሥራ ግን በፎቶ እንጂ በእጁ ይዞ አያውቅም። ፎቶው ደግሞ የተገለበጠ ነው። በሩም አልተሰበረም፤ ሟቹ ወንድሙን አስገብቶታል።»

ወንድምየው የሌሎቹን ሥዕል ደጋግሞ አየ።

«እንድንታረቅ ነው የሄድሁት» አለ። «‹ጋሼ፣ እየው፤ እኔም እችላለሁ› አልሁት። አገላብጦ አየና ‹ይህን ከፎቶ ነው የሠራኸው። መጥተህ ብታየው ምን ነበረበት?› አለኝ። የናቀኝ መሰለኝ። መልስልኝ ብለው ጨበጠው። ስታገለው ገፋሁት።» ጠመኔው በጣቶቹ መካከል ተሰበረ። «ለካ ‹ና› ማለቱ ነበር።»

ባለቤቱ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ፖሊሱ እጅ ማሠሪያውን አውጥቶ ወደ ወንድምየው ተጠጋ፤ እርሷን ግን ማንም አልነካት።

ይህን የጻፍሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ስለሆነ የዕለቱን ቀንም ሆነ የቤቱን አቀማመጥ አዛብቼ ይሆናል። ወንድምየው «ለካ ‹ና› ማለቱ ነበር» የምትለውን የመጨረሻ ቃሉን መኪናው ውስጥ ከኋላዬ ተቀምጦ መንገዱን ሙሉ ሲደጋግማት ሰምቻለሁና እርሷን የምስታት አይመስለኝም። ሆኖም እነዚያን ሰዎች የምታውቁ አንባቢዎች፣ በዚህች ቃል እንኳ ተሳስቼ ከሆነ እንድታርሙኝ እለምናችኋለሁ።