የባለርስት ሙግት

በሁለት ሺህ ሰባት ዓመተ ምሕረት፣ ሚያዝያ ሃያ አምስት ቀን፣ እሑድ ጧት፣ በእስራኤል አገር የረሆቦት ከተማ ሰማይ ገና በማለዳው ነጥቶ ይፋጅ ነበር፤ በክፋር ግቢሮል ሰፈር ፎቆች መካከል የሚያልፈው ነፋስም የአዲስ ግንባታ አቧራና ጥቂት የተረፈውን የብርቱካን እርሻ ሽታ ቀላቅሎ ያመጣል። የወገራው ቀጥቃጭ ቢራራ ለሠርግ ብቻ የሚለብሰውን ኮት ደርቦ ከደጁ ቆሟል። የቀድሞ ባለመሬቱና የልጅነት ወዳጁ ባላምባራስ ተገኘ ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ሙሉእመቤት ጋር ለትንሣኤ ኢየሩሳሌምን ሊሳለሙ መጥተው፣ ወደ አገራቸው ሳይመለሱ ሊጠይቁት ደርሰዋልና።

ሰላምታቸው የጥንቱ ነበር። በወገራ ቤተ እስራኤል ሌላ ሃይማኖት ያለውን ሰው አይነካም፤ የነካም ወንዝ ወርዶ ሳይታጠብ ቤቱ አይገባም ነበር፤ በዚህም የተነሣ አንዱ ማረሻ ሲቀጠቅጥ፣ ሌላው ሲያሳርስበት የኖሩት ሁለቱ ወዳጆች አንድ ቀን ተጨባብጠው አያውቁም። በረሆቦት ይህን የሚጠብቅ የለም፤ ቢራራ ራሱ ከሐኪም እስከ አውቶቡስ ነጂ የማይጨብጠው ሰው የለም። ባላምባራሱን ሲያይ ግን እግሩ ሳያዘው ወደ ኋላ ሸሸ፤ ከሩቅ እጅ ነሣ፤ እሳቸውም ከሩቅ ባርኔጣቸውን አነሡ።

ቢራራ በሆዱ የያዘው ነገር ነበር። በሰባ ስድስት ዓመተ ምሕረት ወደ ሱዳን ሊሰደድ ሲል ምስጢሩን የነገረው ለእኚሁ ሰው ብቻ ነው፤ እሳቸውም ለካድሬ አሳልፈው አልሰጡትም፤ ስንቅ የሚጭንበት አህያ ሰጥተው ሸኙት እንጂ። የራሳቸውን መሬት ደርግ ቢወርስባቸውም ነገራቸው ሁሉ ርስት ነበርና፣ ሲለያዩ «እዚያስ ርስት ይሰጡህ ይሆን፣ ወይስ እዚያም ጭሰኛ ነህ?» አሉት። ቢራራ አባቱም አያቱም ርስት ያልነበራቸው ሰው ነበር፤ አህያውን እየነዳ ሄደ። መልሱን ይኸው ዛሬ በእግራቸው አዙሮ ሊያሳያቸው ነው።

አንድ ነገር ብቻ ፈራ። በዚያው ሳምንት አንድ የወገኑ ልጅ፣ የወታደር ልብስ እንደለበሰ በፖሊስ ሲደበደብ የሚያሳይ ፊልም አገሩን አዳርሶ ነበር፤ በዚያም ዕለት ከሰዓት በኋላ ቴል አቪብ ላይ ሰልፍ ተጠርቷል። ውትድርናዋን በቅርቡ የጨረሰች የልጅ ልጁን ኖይን፣ «በእንግዶቼ ፊት ትንፍሽ እንዳትይ» ብሎ አስጠነቀቃት።

«ቤሰደር፣ ሳባ፣ እሺ» አለች አያቷን፤ «እኔ ግን እሄዳለሁ። አንተም ብትመጣ ጥሩ ነበር።»

ቢራራ እንግዶቹን በሻዓራይም ሰፈር በኩል ወሰዳቸው። ዝቅ ዝቅ ያሉትን ቤቶችና የጸሎት ቤቶቹን እያሳየ፣ የየመን አይሁድ ከመቶ ዓመት በፊት መጥተው በብርቱካን እርሻ ጉልበታቸውን እንዳፈሰሱ ተረከ። ወይዘሮ ሙሉእመቤት ነጠላቸውን አጣፍተው፣ «መሬትስ አገኙ?» ሲሉ ጠየቁ።

«ቆይተው ነው እሜቴ። ግን አገኙ።»

ፀሐዩ ሲበረታ ውኃ ሊገዛላቸው ወደ አንድ ሱቅ ጎራ አሉ። በር ላይ የቆመው ዘበኛ ከፊታቸው ያሉትን ፈረንጅ መሳይ ሰዎች ቀና ብሎ እንኳ ሳያይ አሳለፋቸው፤ እነሱ ላይ ሲደርስ እጁን ዘረጋና፣ «መታወቂያ! እዚህ ምን ትሠራላችሁ?» አለ በዕብራይስጥ።

«ምን ይላል?» አሉ ባላምባራሱ።

ቢራራ በመካከላቸው ገባ። «እንኳን ደኅና መጣችሁ ነው የሚለን።»

«እንኳን ደኅና መጣችሁ በየትኛው አገር ነው ጣት እየተቀሰረ የሚባል?» አሉና በዱላቸው ተደግፈው አዩት። «ጥያቄዬን ረስተኸው እንደሁ ላስታውስህ?»

ቢራራ አፈረ፤ እፍረቱ ግን ወዲያው ወደ ንዴት ተለወጠ። ወደ ዘበኛው ዞሮ፣ መንገደኛው ሁሉ እስኪሰማ በዕብራይስጥ ጮኸ፦ «አንተ ሳትወለድ ነው እዚህ የኖርሁ! የሚገባውን ሁሉ መታወቂያ ጠይቅና ያን ጊዜ የኔን ትጠይቀኛለህ!» ዘበኛው ግራና ቀኝ አይቶ ከበሩ ገለል አለ፤ ቢራራም ገብቶ ውኃውን ገዛ፤ ሳይቸኩል ወጣ፤ ለእንግዶቹም አደለ።

«ዋሽቼዎታለሁ ባላምባራስ» አለ። «አሁን እውነቱን ይስሙ። በዚያ በወንዝ ዳሩ መሬት ከአጎትዎ ልጅ ጋር ስንት ዘመን ተሟገቱ?»

«ጠጉሬ እስኪሸብት ነዋ!»

«እኔስ? አንድ ቀን ዳኛ ፊት ቆሜ አይተውኝ ያውቃሉ?»

«አንተማ በምን ትሟገታለህ? ርስት የለህ።»

«እንግዲያው መልሱ ይኸው ነው። ፖሊሶች ልጃችንን ደበደቡት፤ ዛሬ ቴል አቪብ ሙግት አለብን። የመጣሁበት አገር ሲገፉኝ ዝም ብዬ አለፍሁ፤ ጭሰኛ ነበርሁና። እዚህ ግን ዝም አልልም! ተደላደልሁ አላልሁዎትም፤ ቤቴ ነው ግን።»

ባላምባራሱ ነገር የሚያውቁ ሰው ናቸውና ይህን አባባል ከሻዓራይም ቤቶች ሁሉ አስበልጠው መዘኑት። «ተሟጋች ያለ አጃቢ ዳኛ ፊት አይቀርብም» አሉ በመጨረሻ። «ምራን።»

«አበዱ እንዴ፣ በዚህ ጉልበት!» አሉ ወይዘሮ ሙሉእመቤት፤ ግን ከሁሉም ቀድመው መንገድ ጀመሩ።

«ያላ ሳባ፣ ሊያመልጠን ነው!» ስትል ኖይ ወደ ቴል አቪብ ከሚሄደው አውቶቡስ በር ላይ ሆና ተጣራች። ደረጃው ለባላምባራሱ ከፍ አለባቸው። ቀድሞ የወጣው ቢራራ ዘወር አለ፤ አመነታ፤ ከዚያ እጁን ዘረጋላቸው። እሳቸውም ያን ማረሻ ሲቀጠቅጥ የሻከረ መዳፍ ጨብጠው ወጡ፤ እንደያዙትም፣ «የምትታጠብበት ወንዝ ቅርብ ነው?» ብለው ቀለዱ።

«ዛሬ አልታጠብም» አለ ቢራራ።

የዚያን ቀን ነገር ታሪክ ጽፎታል፤ የሰልፈኛውን ብዛት፣ የተዘጋውን መንገድ፣ ሲመሽ በአደባባዩ በሕዝቡ ላይ የተረጨውን ውኃና ጭስ አልዘነጋም። ከወገራ የመጡት ሁለት ሽማግሌዎች ግን በየትኛውም ዜና ውስጥ የሉም። ቢራራ በዚያ ምሽት ኮቱ በፖሊስ ውኃ እንደራሰ ረሆቦት ገባ፤ ባላምባራሱም ወደ አገራቸው ተመልሰው፣ ስለ ወዳጃቸው ለጠየቃቸው ሁሉ፣ «ደኅና ነው፤ ይሟገታል» ይሉ ነበር።