ሁለተኛዋ በረኛ

የልጅቷ ጣት የደብተሩ ገጽ ላይ ቆመ። ቡድኑ ውስጥ ሙጫ የሚሏት ልጅ ስም ነው። ከሥሩ የእናቷ ስም፣ የተወለደችበት ቀን፣ ሁሉም በአክስቷ ትልልቅ ፊደል ተጽፏል።

«አገኘሻት?» አለች አክስቷ ከአልጋው ጫፍ።

«ገና ነኝ፣ እቴቴ።»

ውሸቷን ነው። አግኝታታለች።

አክስቷ ሠላሳ ዓመት ሙሉ አዋላጅ ነበረች። የእነሱ ሰዎች አገር ካርታ ላይ የለም፤ የሚኖሩበት ከተማ ማዘጋጃ ቤትም ልጆቻቸውን አይመዘግብም። ስለዚህ አክስቷ ያዋለደቻቸውን ሁሉ እዚህ ደብተር ላይ ስትጽፍ ኖራለች። አሁን ዓይኗ ስለደከመ የምታነብላት ይህች የአሥራ አምስት ዓመት የወንድሟ ልጅ ናት።

በሚቀጥለው ወር እንደነሱ መንግሥታት ያላወቋቸው ሕዝቦች ከየአቅጣጫው መጥተው እግር ኳስ የሚጋጠሙበት ውድድር አለ፤ የልጃገረዶች ቡድናቸውም ተጋብዟል። አዘጋጆቹ ፓስፖርት አይጠይቁም። ተጫዋቿ የዚያ ሕዝብ ልጅ መሆኗን የሚያውቅ ሰው በጽሑፍ ይመስክርላት ነው የሚሉት። አሰልጣኛቸው ቀን ቀን ጎማ የሚጠግነው ጎሚስታው ነው፤ የሁሉንም ወረቀት ሰብስቦ የሙጫ ብቻ ቀርቶታል። የሚሄደው አንድ በረኛ ብቻ ስለሆነ፣ እስከ ነገ ጠዋት ካልደረሰው በእሷ ቦታ ሌላዋ በረኛ ትሄዳለች። ሌላዋ በረኛ ደግሞ ይህችው ደብተር የያዘችው ናት።

ቡድኑ ውስጥ «ወንበር» ነው የሚሏት፣ ከተጠባባቂ ወንበር ተነስታ ስለማታውቅ። ስሙን ያወጣችላት ራሷ ሙጫ ናት። ለቀልድ ነበር፤ ሁሉም ሳቀ፣ እሷም አብራ ሳቀች፤ ማታ ግን እንቅልፍ የሚባል በዓይኗ አልዞረም። ሙጫን እጇን ይዛ ሜዳ ያመጣቻት ማን ሆነና! ጓንት ያዋሰቻት፣ ክርን ሳይላጥ እንዴት እንደሚወደቅ ያሳየቻት እሷ። ባጎረስኩ እጄን ተነከስኩ ማለት ይኼ ነው። በስድስት ወር ውስጥ ኳስ እጇ ላይ የሚጣበቅላት ሙጫ ሆና አረፈችው። ጎሚስታውማ ሌላ ወሬ የለውም፣ ሙጫ እንዲህ፣ ሙጫ እንዲያ። በዚያ ላይ ፀጉሯም ያምራል። ወይ ነዶ!

«የለችም» አለች።

«እስቲ ደግመሽ እዪ።»

ድምፅ እያሰማች ሁለት ሦስት ገጽ ገለበጠች። ሙጫን ምናልባት ሌላ ሰው አዋልዷት ሊሆን እንደሚችል ነገረቻት።

«ይሆናል» አለች አክስቷ። እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጠፈች። «እኔም አርጅቻለሁ፣ ተሳስቼ ይሆናል። እንግዲህ ሌላ መዝገብ የለንም። እዚህ ከሌለች የትም የለችም።»

ትከራከረኛለች፣ ትቆጣኛለች ብላ ነበር የጠበቀችው። አክስቷ ግን ዝም ብላ አመነቻት። ይሄ ደግሞ የባሰ ሆነባት።

አምና ለፈተና ልትመዘገብ ስትሄድ፣ ጸሐፊው በመስኮቱ በኩል ኮምፒውተሩን አየት አድርጎ «የለሽም» ብሏታል። ፊቱ ቆማ! ከኋላዋ የተሰለፉት ሳቁ። «አለሁ እኮ» ሳትል ከሰልፉ ወጣች። ያን ቀን አክስቷ ይህንኑ ደብተር በፌስታል ጠቅልላ መጥታ፣ እስከ ምሳ ሰዓት ተከራክራ ነው ያስመዘገበቻት።

ገጹን መልሳ ገለጠች።

«አለች» አለች።

«ማን?»

«ሙጫ። ቅድምም አይቻታለሁ። ዋሸሁሽ፣ እቴቴ።»

አክስቷ እጇን ሰድዳ ደብተሩን ዳበሰች። መቼም አዋላጅ መጠበቅ ታውቅበታለች።

«መሄድ ፈልገሽ ነው?» አለች በመጨረሻ።

«በጣም። ስትስቅ እንኳ ያንገበግበኛል።»

«ያንገበግባል፣ አውቃለሁ» አለች አክስቷ። «በይ አሁን ጻፊ።»

ጻፈች። እስክሪብቶውን ከመጫኗ የተነሳ አዘጋጆቹ የላኩት የምስክርነት ቅጽ ሊቀደድ ምንም አልቀረው። ሲያልቅ የአክስቷን እጅ ይዛ መስመሩ ላይ አስቀመጠችላት፤ አክስቷ በዳሰሳ ፈረመች። ከዚያ በታች ግን ሌላ ባዶ ቦታ ነበር፤ ተጫዋቿን በቅርብ የሚያውቅ ሁለተኛ ምስክር ይላል። አክስቷ ይህን ስትሰማ ለጎሚስታው ተይለት፣ እሱ ይሞላዋል አለቻት።

ልጅቷ ወረቀቱን ልታጥፍ ብላ ቆም አለች። ቅናቱ የትም አልሄደም፣ እዚያው ደረቷ ላይ ተቀምጧል። በሁለተኛው ምስክር ቦታ የራሷን ስም ጻፈች። ከተጫዋቿ ጋር ያለሽ ግንኙነት በሚለው ፊት ብዙ ቆየች። ከዚያ «ጓደኛ» ብላ ሞላችና፣ ጎሚስታው ሳይዘጋ ለመድረስ ጫማዋን አጠለቀች።