የሜርቭ ካራቫን ግድግዳ

ሜርቭ ዶይል ቅዳሜ ጠዋት አልጋው ላይ ሞቶ ሲገኝ፣ በባሕሩ ዳር ባለው የካራቫን፣ ማለትም በመኪና የሚጎተቱ ቤቶች፣ መንደር ውስጥ የነበሩት ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ አብራው ወደ ሞቃቱ ሰሜን ለመጓዝ የተሰናዳችው ግሌኒስ ሮው፣ ታላቅ ወንድሟ ኬልቪን፣ የመንደሩ ጠባቂ ዳሪል ስናይደር። ወሩ ሐምሌ ነበርና ሌላው ሁሉ ብርዱን ሸሽቶ ካራቫኑን እየጎተተ ሄዷል።

ሳጅን ሊዮኒ ካርሞዲ ስትደርስ አስከሬኑ ተነሥቶ ነበር። የገደለው ሽታ የሌለው የጋዝ ማሞቂያው ጭስ እንደሆነ ሐኪሙ ነግሯታል። ከመቀመጫው ጀርባ፣ ወለሉ አጠገብ ያለው የአየር ቀዳዳ በአዲሱ የግድግዳ ወረቀት ተሸፍኗል። የላይኛውን መስኮት ደግሞ ሜርቭ ለብርዱ ሲል ራሱ ዘግቶታል።

አለቃዋ ነገሩን በስልክ ጨርሶታል። ወረቀቱን ከሟቹ ጋር የለጠፈችው ግሌኒስ ናት፤ ቀዳዳውንም የደፈነችው እሷው ናት፤ ዛሬውኑ ትታሰር አለ።

ሊዮኒ ግን እጆቿን ወደ ኋላ አጣምራ ግድግዳውን ስታይ ቆየች። ያረጀው ቡናማ ኮምፖርሳቶ አረንጓዴ ቅጠል በተሣለበት ወረቀት ተሸፍኖ ቤቱ አዲስ መስሏል። ሁለት ጣውላዎች በሚገናኙበት ቦታ ሁሉ ወረቀቱ ተቆርጦ፣ በላዩ ቀጭን ነጭ እንጨት ተመትቷል። ከመቀመጫው ጀርባ ብቻ እንጨቱ የለም። ጎንበስ ስትል ተነቅሎ መቀመጫው ሥር ወድቆ አየችው። ወረቀቱን በጥፍሯ ቀስ ብላ አነሣችው። ኮላው ገና እርጥብ ነው። ከሥሩ ያው ቅጠል ያለበት ሌላ ወረቀት ወጣ፤ ያኛው በቀዳዳው ልክ ተስተካክሎ ተቆርጧል።

ዳሪል ከሟቹ ጋር በራሱ ውሻ ጩኸት ምክንያት መጣላቱን አልደበቀም። «ሰው ለመግደል እኮ መጀመሪያ ከአልጋ መነሣት ያስፈልጋል፣ ሳጅን» አላት። «በዚህ ብርድ እኔ ለሽንቴም አልነሣ።» በየዓመቱ የራሱን ካራቫን ጎትቶ ወደ ፈረስ ውድድር እንደሚሄድም አጫወታት። ዓርብ ከሰዓት ሜርቭ ዓሣ ሊያጠምድ ሄዶ ነበር፤ በሩን የመቆለፍ ልማድ እንዳልነበረውም ሁሉም ያውቃል።

ኬልቪን ከእህቱ ጋር በሚኖርበት፣ መንደሩ ውስጥ ባለው ቋሚ ቤት ሻይ ይዞ ተቀምጦ ነበር። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ የምታበስልለት እህቱ ናት። «ግሌኒስ ከልጅነቷ ጀምሮ ችኩል ናት» አለ፣ በር አጠገብ የተደረደሩትን ሻንጣዎቿን እያየ። «ሆን ብላ አይደለም። እባክዎ አይጨክኑባት።» ዕድሜውን ሙሉ የከተማውን ሳሎን በወረቀት ሲያለብስ እንደኖረ፣ እዚህ ግን ማንም እንዳላማከረው ነገራት።

ግሌኒስ ዐይኖቿ አብጠዋል። ወረቀቱን በቀዳዳው ልክ መቁረጧን ታስታውሳለች፤ ግን ጥያቄው ሲደጋገምባት ራሷን መጠራጠር ጀምራለች። «እኔ ብሆንስ?» አለች። «በገዛ እጄ ገድዬው ብሆንስ፣ ሳጅን?»

ሊዮኒ ሦስቱንም በሜርቭ ካራቫን ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ከዕቃ ማጠቢያው በላይ ያለው ግድግዳ ገና አልተለበጠም። የተረፈውን ጥቅልል፣ ኮላና ብሩሽ አቅርባ እያንዳንዳቸው ጥቂት እንዲለጥፉላት ጠየቀች።

«ፖሊስ ቀጠረን በሉኛ» አለ ዳሪል። አጣምሞ ለጠፈው፤ መጋጠሚያው ጋ ሲደርስ ግን ቆረጠ። ግሌኒስም እዚያው ላይ ቆረጠች። ኬልቪን እጅጌውን ሰብስቦ ወረቀቱን ከዳር እስከ ዳር በአንድ ጊዜ ዘረጋው። አንዲት እብጠት እንኳ አልታየችበትም። መጋጠሚያውን ዞር ብሎም አላየው።

«እስቲ ለምን እንደቆረጡት ይንገሩን» አለች ሊዮኒ ወደ ግሌኒስ ዞራ።

«መንገድ ላይ ጣውላው ይላወሳል። አንድ ወጥ ከሆነ ወረቀቱ ይቀደዳል።»

«ካራቫን የጎተተ ሁሉ ያውቀዋል፤ ዳሪልም ያውቃል። እርስዎና ሜርቭ ቀዳዳውን ቆርጣችሁ ትታችኋል፤ የሥረኛው ወረቀት ምስክር ነው። ስለዚህ የረሳ የለም። ዓርብ ከሰዓት ሰው ገብቶ ሌላ ደርቦበታል። ቅጠሉን ከቅጠል ገጥሟል፣ ሜርቭም ልዩነቱን አላየም። ግን እንጨቱን ነቅሎ ጥሎ፣ ወረቀቱን መጋጠሚያው ላይ አሻግሮታል። የማይንቀሳቀስ ቤት የለመደ እጅ ነው።»

ሁሉም ግድግዳውን አዩ፤ ከዚያ ኬልቪንን።

«ኬል» አለች ግሌኒስ። «አንተ ነህ?»

ኬልቪን ጣቶቹ ላይ የቀረውን ኮላ በሱሪው ጠረገ። «ራሱን እንዲያመው ብቻ ነበር። ታሞ ከተኛ ጉዞው ይቀራል ብዬ።»

«ጠዋቱን ሙሉ ገዳይ ስባል አጠገቤ ተቀምጠህ ሻይ ትጠጣለህ?»

«ወህኒ ቤቱ ቅርብ ነው» አለ ወንድሟ ቀስ ብሎ። «በየእሑዱ እየመጣሁ እጠይቅሽ ነበር። ሰሜን ግን ሩቅ ነው፣ ግሌን።»

ግሌኒስ ከካራቫኑ ወጥታ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ዳሪል ኮቱን አውልቆ ትከሻዋ ላይ ጣለላት፤ ለመቀለድም አልሞከረም።

ኬልቪንን የዚያኑ ዕለት ወደ ከተማ ወሰዱት፤ ፍርድ ቤት ቀርቦም ጥፋቱን አመነ። ግሌኒስ ሜርቭን ካስቀበረች በኋላ ካራቫኑን ራሷ ጎትታ ወደ ሰሜን ሄደች።